እስኪቀና

ታክሲ የማይጭነው፣ አውቶቡስ የማይገባ፣
አራት ሜትር ከሃያ ዘንግ በትከሻዬ ይዤ
ማለዳ ከለገሃር ወደ ስታዲየም ስገባ፣
ወያላው፣ "ለዱላውም የሰው ትከፍያለሽ!"
ሎተሪ አዟሪዋ፣ "የማን መጋረጃ ነው፣ እንዲህ የረዘመብሽ?"
"ምርኩዝ ነው" እላለሁ።
"በዚህ ዕድሜሽ?" ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።
ሽማግሌ ምርኩዝ ይይዛል፣ እንዳይወድቅ ሲጠነቀቅ፤
እኔ ግን የያዝኩት
ከፍ ካለ ቦታ አሳምሬ ልወድቅ።

ስታዲየሙ ይታደሳል፤ ወገቡን በባሕር ዛፍ መወጣጫ ታስሯል።
እኛ ከጥላ ፎቅ ጀርባ፣ ግንበኞች በተዉልን ጥግ፣
ክረምቱን ሙሉ የጠጣ ስፖንጅ አለን፣
በየጠዋቱ እየረገጥን የምንጨምቀው፤
ጋሽ ኢተፋና እኔ።
እሱ በቀርከሃ ዘሎ አሸዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው፤
ቁርጭምጭሚቱ የዝናብን ወሬ
ከሬዲዮ ቀድሞ ነው የሚሰማው።

ብዙ አይናገርም።
"ግራ እግርሽን አትስበሪው" ይላል፣
"መሬት የለቀቀ እግር ገና ሥራ ይቀረዋል።
ይዘርጋ፣ ይርዘም፣ ዘግይቶ ይምጣ፣ እንደ ደወል ምላስ።"
ማዶ እስጢፋኖስ ይደወላል።
እኔም ብረቱ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ሆዴ እስኪንቀጠቀጥ፣
እግሬን ከደወሉ እኩል አወዛውዛለሁ፤
አንዴ ወደ መስቀል አደባባይ፣ አንዴ ወደ ለገሃር።
ሳሳጥረው ይፈጥናል፣ ከፍታ ግን የለውም፤
ሳስረዝመው ይከብዳል፣
ዘንጉም ያለዚያ ክብደት አይጎብጥም።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤
ሦስት ወር ሙሉ እኔ የለቀምኩት አግዳሚውን ነው።
ዳሌዬ ሳይነሣ ዐይኔ ይቸኩላል፣
ዐይን ሲቀድም ራስ፣ ራስ ሲዞር ደረት ይከተላል፣
ጉልበቴን ሰብስቤ፣ ብርድ እንደመታው ልጅ ተኮራምቼ
በሆዴ እገጨዋለሁ። "ቃ!" ይላል።
ከመወጣጫው ላይ ማዳልቾ፣ ሚስማር በጥርሱ እንደያዘ፣
"ምንታምር! መሰላል ላውስሽ?" ይላል።

"ዘንጉ ሲጎብጥ" አለኝ ጋሽ ኢተፋ፣ "ጉልበትሽን ተበድሮሻል፤
ብድሩን ሳይመልስ ጥለሽው አትሂጂ።
ጀርባሽን ለመሬት፣ እግርሽን ለሰማይ፤
ትከሻሽ ይውረድ፣ ዳሌሽ ይውጣ፣
ከዚያ ጠብቂ፣ እስኪቀና።"
እስኪቀና ስንት ነው?
"አንድ 'ይቅናሽ' እስኪባል።"
እናቴ በየጠዋቱ በር ላይ የምትለኝ ቃል!
ለካ ልክ ነበረው፣
ለካ ምርቃትም በሰዓት ይለካል።

ሐሙስ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ያጉረመርማል።
አሥራ አራት እርምጃ። ዘንጉን ሳጥኑ ውስጥ ተከልኩ፤
እጄ ላይ፣ ቀኝ ጉልበቴ ፊት፣
ግራው ቀርቶ፣ ቀርቶ፣
መጣ። ረጅም። እንደ ዘገየ የክብር እንግዳ
ቤቱን ሙሉ ከመቀመጫው አስነሥቶ።
ዳሌዬ ከትከሻዬ በለጠ፣
ከተማዋ ተገለበጠች፤
ባቡሩ በጣሪያ ሄደ፣
የባንኩ ፎቅ እንደ መብራት ቁልቁል ተንጠለጠለ፣
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" የሚለው ጥሪ ከላይ ዘነበ፣
ከማን አንሼ ከበላዬ ሆነ፣ ሰማይ ከጫማዬ ሥር።
ከማን አንሼ!
አግዳሚውን አላየሁትም።

ሽ
ና
ቅ
ይ

ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፤
እንደዚያ ነው የወጣሁት።
ዘንጉ ብድሩን መለሰ፣ ከነወለዱ፤
እግሬ ተወረወረ፣ ወገቤ ተከተለ፣
ጣቶቼ መጨረሻ ለቀቁ።

ስፖንጁ ውኃውን ፊጭ አደረገ።
አግዳሚው ከላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣
ልሂድ ልቅር እንደሚል መንገደኛ፤
ቀረ።
ማዳልቾ ሚስማሩ ከአፉ ወድቆ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ።

ጋሽ ኢተፋ ቀና ብሎ አየ።
"ክርንሽ" አለ፣ ሌላ አልጨመረም።
ከዚያ ዘንጌን አነሣ፣ ተደገፈበት፣
እያነከሰም ወደ ጥላው ሄደ፤
ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣
"ስፖንጁን እንሸፍን" አለኝ፣ "ሊዘንብ ነው።"